ጂፒኤዬ 3.2 ነበር፤ እርዳታው ግን ተቋረጠ

ኢሜይሉን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ሥራ አድሬ፣ እግሬ አብጦ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቤት እየተመለስኩ። ጁን 2023 መጀመሪያ ላይ ነበር። የኮሌጁን ኢሜይል ብዙ ጊዜ አልከፍትም ነበር (የዚህን ጣጣ እደርስበታለሁ)፤ ያን ቀን ግን ርዕሱ ላይ "ታግዷል" የሚል ቃል ስላየሁ ከፈትኩት። የፋይናንሺያል ኤይድ መብቴ ታግዷል። ለሚመጣው ሴሚስተር ፔል ግራንት፣ ማለትም መንግሥት የሚሰጠኝ የማይመለስ የትምህርት ገንዘብ፣ የለም። ካልተስማማሁ ይግባኝ ማለት እችላለሁ።

መጀመሪያ የመሰለኝ የሌላ ሰው ኢሜይል ተሳስቶ እኔ ጋ የመጣ ነው። እውነቴን ነው። ጂፒኤዬ 3.2 ነው፣ አንድ ኤፍ የለኝም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት፤ እዚያ የሚባረረው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከ2.00 የወረደ ዋርኒንግ ይገባል፣ ካላሻሻለ ሻንጣውን ይዞ ከዶርም ይወጣል። 3.2 ይዞ የተባረረ ሰው ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቢሮው ሄድኩ። ወረፋ ይዤ አርባ ደቂቃ ከጠበቅኩ በኋላ አንዲት ሴትዮ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አደረገች። 58.7። "ችግርሽ ጂፒኤ አይደለም፣ ፔስ ነው" አለችኝ። ፔስ ምንድን ነው? ኮሌጅ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ያን ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ። የፌዴራል መንግሥት ለተማሪ ገንዘብ ሲሰጥ፣ ግራንትም ይሁን ሎን (ብድር)፣ ተማሪው ወደ ምረቃ እየተራመደ መሆኑን ኮሌጁ እንዲከታተል ያስገድዳል። ቢሮ ውስጥ በአጭሩ "ሳፕ" (ሳቲስፋክተሪ አካዳሚክ ፕሮግረስ) ነው የሚሉት። በየዓመቱ የምንሞላው የእርዳታ ማመልከቻ ፎርም፣ ፋፍሳ፣ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ስለ ገቢያችሁ ነው የሚጠይቀው፣ ሳፕ ደግሞ ስለ ትምህርታችሁ። ፋፍሳውን አሳምራችሁ ሞልታችሁም ሳፕ ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ልክ እንደኔ።

ሳፕ የቆመው በሦስት ጉልቻ ነው። አንዱ ከወጣ ሁለቱ የፈለገውን ያህል ቢጠነክሩ ድስቱ ይደፋል። አንደኛው ጂፒኤ ነው፣ አብዛኛው ኮሌጅ 2.0 ይጠይቃል። ይህን ማንም ያውቀዋል፣ እለፉት። ሦስተኛው የጊዜ ጣሪያ ነው፤ ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ በላይ እየሞከርክ በመንግሥት ገንዘብ መማር አትችልም። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት ከሆነ ጣሪያህ 90 ነው፤ የአራት ዓመቱ 120 ከሆነ 180። ሁለተኛው፣ እኔን የጣለኝ፣ ፔስ ነው፦ የጨረስከውን ክሬዲት ለሞከርከው ክሬዲት ታካፍላለህ። ብዙ ኮሌጆች ውጤቱ ቢያንስ 67 በመቶ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 60ን ለ90 አካፍሉት፣ 66.67 ነው የሚወጣው። ከዚያ በታች የሚሄድ ተማሪ ጣሪያው ከመድረሱ በፊት አይጨርስም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው "የሞከርከው" የሚለው ቃል ጉድ የሚሠራው።

ሁለተኛው ሴሚስተሬ ላይ፣ ስፕሪንግ 2022፣ አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ ወስጄ ነበር። ናርሲንግ ለመግባት የግድ ነው፣ አራት ክሬዲት ነው። ሚድተርሙ ላይ 61 አገኘሁ። ሥራ ቦታ ያለ ልጅ፣ ኮሌጅ ገብቶ እየወጣ ዘጠኝ ዓመት የቆየ፣ ስለዚህ ሁላችንም እንደ አድቫይዘር የምናየው (አሁን ሳስበው ዘጠኝ ዓመቱ ራሱ ሊያስጠነቅቀን ይገባ ነበር)፣ "አንቺ ልጅ ምን ነካሽ፣ ዊዝድሮ አድርጊው እንጂ! ከኤፍ ደብሊው ይሻላል" አለኝ። አደረግኩ፣ ኮርሱን መሃል ላይ አቋርጬ ወጣሁ። ትራንስክሪፕቴ ላይ በውጤት ፋንታ ደብሊው ተጻፈ፣ ጂፒኤዬ አልተነካም፣ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

"ከኤፍ ደብሊው ይሻላል" የሚለው ነገር እኛ ሰፈር እንደ ተረትና ምሳሌ ሆኗል። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ለጂፒኤ አዎ፣ ይሻላል። ለፔስ ግን ደብሊውም ኤፍም አንድ ናቸው፦ ሁለቱም ተሞክረዋል፣ ሁለቱም አልተጨረሱም። ኢንኮምፕሊትም እስኪሟላ ድረስ እንደዚያው ነው የሚቆጠረው። ኤፍ ያገኘህበትን ኮርስ ደግመህ ኤ ብታመጣ ኮሌጁ ምናልባት የድሮውን ኤፍ ከጂፒኤህ ያወጣልህ ይሆናል፤ ፔስ ላይ ግን ሁለት ጊዜ እንደሞከርክ ነው የሚያዘው። እንዲያውም አንዳንድ ኮሌጆች የድሮ መጥፎ ውጤት ሙሉ በሙሉ የሚሰርዙበት አሠራር አላቸው፤ የፌዴራሉ እርዳታ ግን ያንን ስረዛ አያውቀውም። የተሞከረ ነገር ተሞክሯል። በኪስህ ከፍለህ የተማርከው ሴሚስተርም ይቆጠራል፣ ገንዘቡ የማንም ይሁን የማን።

ከዚህ የሚያመልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሴሚስተሩ ሲጀመር ባለችው አጭር የአድ-ድሮፕ ጊዜ የተጣለ ኮርስ። እሱ እንዳልተመዘገበ ነው የሚቆጠረው። ከዚያች ቀን በኋላ ድሮፕ የሚባል ነገር የለም፣ ዊዝድሮ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም "ድሮፕ አደረግኩ" ብለን ነው የምናወራው። አንድ ቃል ነው ያደባለቀን ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ሂሳቤ ልመለስ። መጀመሪያው ሴሚስተር 12 ሞክሬ 12 ጨረስኩ። ሁለተኛው 13 ሞክሬ 9። ያኔ ድምሩ 21 ለ25፣ 84 በመቶ፣ ገና ጤነኛ ነኝ። ሦስተኛው፣ ፎል 2022፣ 12 ክሬዲት ይዤ አሥረኛው ሳምንት ላይ ሳለሁ እማዬ ስትሮክ መታት። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ስታለቅስ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። በማግስቱ ትኬት ቆረጥኩ። ኤርፖርት ቁጭ ብዬ በስልኬ ከአራቱም ኮርሶች ዊዝድሮ አደረግኩ፣ አራት ጊዜ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ማንንም አልጠየቅኩም። ማንን ልጠይቅ? 21 ለ37 ሆንኩ። 57 በመቶ እንኳን አልሞላም።

አንድ ነገር ላይ ሳላውቀው ተርፌያለሁ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ተማሪ ከተቀበለው ገንዘብ "ገና ያልሠራህበት" የተባለው ይመለሳል፤ ኮሌጁ ለመንግሥት ይከፍልና አንተን ባለዕዳ ያደርግሃል። በአሥራ አምስት ሳምንት ሴሚስተር 60 በመቶው ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። እኔ አሥረኛው ላይ ነበርኩ። እማዬ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ብትታመም ኖሮ ከእገዳው በላይ ዕዳም ይጨመርልኝ ነበር። ምንም ሳይናገሩ ዝም ብለው ጠፍተው ሁሉም ላይ ኤፍ የሚያገኙትም ከዚህ አያመልጡም፤ ኮሌጁ መቼ እንደጠፋህ ማረጋገጥ ካልቻለ ግማሹ ላይ እንደወጣህ ሊቆጥረው ይችላል።

ጃንዋሪ ላይ ተመለስኩ። እማዬ ግራ እጇ አልታዘዝ ቢላትም ተርፋለች። የሆስፒታሉ ወጪ ስላለ ሁለተኛ ሥራ ጨመርኩ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ቤት ሄጄ አንዲት አሮጊት መንከባከብ። ዘጠኝ ክሬዲት ተመዘገብኩ። ስታቲስቲክሱን መሃል ላይ አልቻልኩም፣ እንደገና ደብሊው። ስድስት ጨረስኩ። 27 ለ46። አካፍሉት፣ ያቺው ሴትዮዋ ያሳየችኝ 58.7 ናት።

ያልተከፈተው ኢሜይል ጉዳይ ይኸውላችሁ። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ፣ እኔ አዲስ አበባ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ኮሌጁ "ዋርኒንግ ላይ ነሽ" ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ውጤት በየሴሚስተሩ የሚያዩ ኮሌጆች መጀመሪያ የወደቀውን ተማሪ ያለ ምንም ይግባኝ አንድ ሴሚስተር በዋርኒንግ ሊያሳልፉት ይችላሉ፤ ገንዘቡም ይቀጥላል። ገንዘቡ ስለቀጠለ ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ኋላ ፈልጌ ሳገኘው ከመኪና ማቆሚያ ፈቃድና ከነፃ ፒዛ ግብዣ መካከል ተቀብሯል።

ይግባኙን አሁን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ወድቄያለሁ።

ደንቡ ይግባኝ የሚፈቅደው ለዘመድ ሞት፣ ለተማሪው ሕመም ወይም ጉዳት፣ ወይም ለሌላ የተለየ ሁኔታ ነው። የእናት ሕመም "ሌላ የተለየ ሁኔታ" ውስጥ ነው የሚገባው። ደብዳቤው ሁለት ነገር መመለስ አለበት፦ ለምን ወደቅሽ፣ እና አሁን ምን ተለውጧል። እኔ ምን አደረግኩ? ማመልከቻ ጻፍኩ። ቀበሌ እንደሚጻፈው ዓይነት። ለተከበረው ቢሮ፣ ጉዳዩ ይቅርታ ስለመጠየቅ፣ ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ... ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ! ሁለት ገጽ። ስለ እናቴ ደግነት አንድ ሙሉ አንቀጽ አለበት። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት። እህቴ በስልክ ሳነብላት እሷም አለቀሰች፣ "ይኼን አንብቦ እምቢ የሚል ሰው የለም" አለችኝ።

እምቢ አሉ።

እንደገና ወረፋ ይዤ ያቺን ሴትዮ አገኘኋት። ፋይሉን ከፍታ ዝም ብላ አየችና "ስላለፈው ሁለት ገጽ ጽፈሻል፣ ስለሚመጣው አንድ መስመር የለም" አለች። ቀጥላ የሆስፒታሉን ወረቀት እያሳየችኝ "እናትሽ የታመሙት ደግሞ በ2015 ነው፣ አንቺ የወደቅሽው በ2022። ምን አገናኘው?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወረቀቱን አየሁት። ሐኪሙ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፣ ቀኑ ግን 20/02/2015። ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓመተ ምሕረት! በነሱ ኦክቶበር 30፣ 2022። እነሱ ግን ፌብሩዋሪ 2015 ብለው አንብበውታል፤ እናቷ ከሰባት ዓመት በፊት በታመመች ሰበብ የምትፈልግ ልጅ አድርገውኛል። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር ሰዎች ነን ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ከኋላዬ ያለው ወረፋ እያጉረመረመ። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ቀኑን ቀየረችው፣ ደግማ ቀየረችው፣ ከዚያ "ኦ" አለች። ያቺ "ኦ" ለእኔ እንደ ግማሽ ፈቃድ ነበረች። የአገር ቤት ወረቀት የምታያይዙ ሁሉ፣ ከሥሩ የቀኑን ልውውጥ ጻፉበት። እባካችሁ።

አዲስ ማስረጃ ካለ አንድ ጊዜ እንደገና ማስገባት ይቻላል አለችኝ (ይህ ኮሌጅ በኮሌጅ ይለያያል፣ የመጀመሪያው ውሳኔ የመጨረሻ የሆነበትም ቦታ አለ)። ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። ትሕትናውን አወጣሁት። እናቴ በዚህ ቀን ታመመች፣ በዚህ ቀን በረርኩ፣ ትኬቱ ይኸው። አሁን እህቴ ጋ ናት፣ የምትረዳት ሠራተኛ ተቀጥራለች። ሁለተኛውን ሥራ ለቅቄያለሁ፣ ከናርሲንግ ሆሙ አለቃዬ ፈረቃዬ መቀነሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይኸው። በሴሚስተር ስድስት ክሬዲት ብቻ እወስዳለሁ፣ ለአናቶሚ የኮሌጁን ነፃ ቱተር ማክሰኞና ሐሙስ ይዣለሁ። አለቀ። ሳነበው ልብ የሌለው ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። ኦገስት ላይ ተፈቀደልኝ።

የተፈቀደው ግን እንዲሁ አይደለም። ይግባኙ የተሳካለት ተማሪ ፕሮቤሽን ላይ ይሆናል፤ ፕሮቤሽን አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፣ በዚያ ውስጥ ወደ 67 መመለስ አለብህ። እኔ ስድስት ክሬዲት ወስጄ ሁሉንም ባልፍ 33 ለ52 ነው፣ 63 እና ትንሽ። በአንድ ሴሚስተር በምንም ተአምር አይሞላም። እንዲህ ላለው የሚሠራው አካዳሚክ ፕላን ነው፦ በየሴሚስተሩ ይህን ያህል ትወስጃለሽ፣ ሁሉንም ቢያንስ በሲ ትጨርሻለሽ፣ አንድም ደብሊው የለም፣ ፈርሚ። እሱን እስከጠበቅኩ ድረስ ገንዘቡ ይቀጥላል። ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ አሥራ ሁለት ክሬዲት ሳልስት ካለፍኩ 39 ለ58፣ 67.2። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ "ይኼ የእድር መዋጮ ነው?" ብላኛለች።

ሜይ 2024 ላይ 39 ለ58 ሆንኩ። አናቶሚውን ቢ አመጣሁበት።

ከዚህ ወዲህ ሥራ ቦታ ሰው ሲጠይቀኝ ዝም አልልም፣ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። አንዱ ከአገር ቤት 30 ክሬዲት ተቀብለውት ደስ ብሎት ነበር፤ ተቀባይነት ያገኘው ክሬዲት እንደተሞከረም እንደተጨረሰም ይቆጠራል፣ ስለዚህ ፔስህን ያሳምርልሃል፣ ከጣሪያው ግን 30ውን በልቶብሃል፣ ሜጀር እየቀያየርክ አትጫወት አልኩት። ሌላዋ አገር ቤት ዲግሪዋን ጨርሳ የመጣች ናት፣ ፔል ለምን እምቢ አሉኝ ትላለች። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ የትም አገር ይያዘው፣ ፔል አያገኝም፤ የሚቀረው ሎን ነው፣ ሎኑም ላይ ሳፕ አለበት። ኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) የሚማሩት ደግሞ ክሬዲቱ ፔስ ላይ እንዴት እንደሚያዝ ኮሌጃቸውን በቀጥታ መጠየቅ አለባቸው፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት አይደለም። ያ ዘጠኝ ዓመት የቆየውን ልጅ ሳየው ግን ምንም አልለውም። ምን ይባላል? ጣሪያውን አልፎ መቼም ሄዷል።

ባለፈው ፎል የአክስቴ ልጅ፣ ገና አንደኛ ሴሚስተሩ፣ ማታ ደወለልኝ። ኬሚስትሪው ከብዶታል።

"ድሮፕ ላድርገው ወይስ ትንሽ ልየው?"

"የአድ-ድሮፑ መጨረሻ መቼ ነው?"

"እኔንጃ።"

"ካሌንደሩን ክፈት።"

ሲከፍት ሰማሁት። "ዛሬ" አለኝ። እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ነበር የቀረው። ከ13 ክሬዲት ወደ 9 ይወርዳል፣ ፔሉም ወደ 75 በመቶ ይቀንሳል፣ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "ይቀንሳ" አለ። ስልኩን ሳይዘጋ ቁልፉን ሲጫን ሰማሁ።

"ደብሊው ነው የሚለው ወይስ ምንም የለም?" አልኩት።

"ምንም የለም። ኮርሱ ራሱ ጠፋ።"

"ፎቶ አንሳውና ላክልኝ፣ ከዚያ ተኛ።"